መርፌ የሌለበት ዝርዝር

ሪጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናኑዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የሰብሊን ጉንጭ፣ የአባቴን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ቤላሩስን ትቼ ላትቪያ የምትባል አገር ከገባሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ዝም ስላልኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኬ ስሻገር ውሃ ገብቶበት ሞተ፤ የእናንተም ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንጻጻፍ። አንቺ ለወንድምሽ ለስመኘው በአውቶቡስ በሚሄድ ሰው ላኪለት፤ እሱ ከአዲስ አበባ በፖስታ ይልክልኛል። የእኔም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ሥራ አገኘ ወይ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ፤ አዎ፣ አግኝቻለሁ። ልብስ ስፌት ቤት ነው። ማራ የምትባል ደግ ሴትዮ አለች። ሚስቴም ሰፊ ናት፣ ቡሬ አንድ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው የሰፋነው ብዬ ነገርኳት። «የልብሱን ስም በእኛ ቋንቋ ካወቀች በሩ ይከፈትላታል» አለችኝ። ስለዚህ ከአሁኑ ማጥናት ጀምሪ። እዚህ ግድግዳ ላይ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላ በኩል የእነሱ ቋንቋ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ ላይ እየገለበጥኩ እልክልሻለሁ። እንግሊዝኛውን አንቺ ትበልጪኛለሽ፤ አንባቢዋ አንቺ ነሽ።

ሸርት የሚለው ክረክልስ ነው፤ ሸሚዝ። ትራውዘርስ ቢክሴስ፤ ሱሪ። ኮት ሜቴሊስ። ሃት ጼፑሬ፤ ባርኔጣ። ሶክስ ዜቼስ፤ ካልሲ። ግላቭስ ጺምዲ፤ የእጅ ሹራብ። ሹውስ ኩርፔስ፤ ጫማ። ቤልት ዩዋስታ፤ ቀበቶ። ሹሌስስ ደግሞ አውክላስ ይባላል፤ የጫማ ማሰሪያ ነው።

ለዛሬ ይበቃሻል። ብርዱን አትጠይቂኝ።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣ የሰብሊ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? የጻፍከው ሲደርሰኝ ሰብሊ ናት ከእጄ ነጥቃ የከፈተችው። አባባ «ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ደግመሽ አንብቢው» እያሉ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ደህና ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከላይ በእጃቸው ሰላምታ ያልጻፉልህ መነጽራቸው ተሰብሮ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

የዩኒፎርሙ ሥራ እንደሆነ፣ ዘንድሮም ያዘዘ የለም። ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ባለፈው ዓመት የገዛሁት ሰማያዊ የቴትሮን ጨርቅ እንደተጠቀለለ አለ። የሚሄደው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ መለካት ብዙም አያስፈልገው፤ ስለዚህ ሥራ የለም አልልህም።

ሰብሊ አንደኛ ክፍል መግባት የነበረባት ዘንድሮ ነበር። ፊደሉን አባባ አስቆጥረዋታል። አሁን የአንተን ቃላት ደብተሯ ላይ ገልብጣ ነጋ ጠባ እሱን ነው የምትወጣው። ልብስ ሳሰጣ ገመዱ ሥር ቆማ እየጠቆመች «ክረክልስ! ቢክሴስ! እማ፣ የአባባ ጋቢስ ምን ይባላል?» ትለኛለች። ጋቢ እንደሌላቸው ነገርኳት። «ታዲያ ሲበርዳቸው?» አለችኝ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። የጫማ ማሰሪያ ምን ያደርግልኛል? መርፌን ምን ይሉታል? ክርን፣ መቀስን፣ ሜትርን፣ ቁልፍን፣ ገበርን? ሴትዮዋ ፊት ቀርቤ ልለምን የምሄደው በባርኔጣና በካልሲ ነው እንዴ? በሚቀጥለው እነዚህን ጽፈህ ላክልኝ።

አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ።

እናኑ


ሪጋ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናኑዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ምግቡም ይስማማኛል። ማራ አንስታኝ ከዚህ ጋር በላክሁት ፎቶ ላይ ፊቴ ከስቶ ብታዪው፣ ፎቶው ነው እንጂ እኔስ እንደ በፊቱ ነኝ። ጀርባዬ ላይ ያለው አጥርም የጎረቤት ግቢ ነው።

መርፌና መቀስ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። እዚህ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ የስፌቱ ክፍል ሌላ ነው፤ እኔ ገና አጣፊ ነኝ። ወደዚያ ስገባ ስሙን ሁሉ ለቅሜ እልክልሻለሁ። እስከዚያው እነዚህን ያዥ። ጃኬት ያካ ይባላል። ስካርፍ ሻሌ፤ ሻል ብለሽ ያዢው፣ አይጠፋሽም። ፖኬት ካባታ ነው፤ ኪስ። ስሊቭ ፒየዱርክኔ፤ እጅጌ፤ ይህ ምላስ ያስራል። ታወል ድቪየሊስ፤ ፎጣ። ብላንኬት ሴጋ፤ ብርድ ልብስ።

አባቴ መነጽራቸውን አላሠሩም? በዳሰሳም ቢሆን ስማቸውን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሰብሊን ቁመት በክር ለክተሽ ክሩን ላኪልኝ። ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ አንድ፣ የእጅጌዋን አንድ። እዚህ ቁርጥራጭ ሱፍ ይተርፋል፤ ካፖርት እሰፋላታለሁ።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

ይኸው ክሮቹ። ረጅሙ ቁመቷ ነው፤ አጭሩ እጅጌዋ። ስለካት ትንፋሿን ይዛ በጣቶቿ ቆመች፤ «ውረጂ እንጂ» ብላት «ካፖርቱ እስኪደርስ አድጋለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ሁለት ጣት ጨምሬበታለሁ።

ለአባባ አዲሶቹን ቃላት ሰብሊ አነበበችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። ፖኬት ካባታ ስትል ፈገግ ብለው «ካባ ያለበት አገር ነው» አሉ። ፎጣና ብርድ ልብስ ላይ ስትደርስ ግን ዓይናቸውን ገለጡ። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሰሙን ሰማሁት፤ ወርቁ ግን አልጣመኝም» አሉኝ። ምን ማለትዎ ነው ብላቸው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ነገር አይዘረዝሩም፤ አንተም ታውቃቸዋለህ።

መርፌ ምን ይባላል? አንድ ቃል ነው የጠየቅኩህ። አጠገብህ ያለውን ሰው ጠይቀህ ጻፍልኝ።

እናኑ


ሪጋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናኑዬ፣

ክሮቹ ደርሰውኛል። ካፖርቱን ጀምሬዋለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሥራ ስለሚበዛብኝ አሳጥሬ ነው የምጽፍልሽ። ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ። ፓጃማ ፒጃማ ነው፤ ይህ አንድ ነው።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ።

ዛሬ ሰብሊ ተኝታ ሳለች ደብተሯን ወስጄ ቃላቱን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። ሰባት ዓመት ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ሰፍቻለሁ። ክር ሲበጠስብህ ምን እንደምትል፣ መቀስህን ማንም ሲነካብህ እንዴት እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ስፌት ቤት የገባ ላቀው በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን ስም ጠይቆ በሁለተኛው ቀን ይጽፍልኝ ነበር። አንተ አምስት ወር ሙሉ አንድም ቁልፍ፣ አንድም ገበር፣ አንድም መርፌ አልጻፍክልኝም። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ። ፎጣ። ብርድ ልብስ።

ይህ የሚሰፋ ሰው ወረቀት አይደለም። የሚያወልቅ ሰው ወረቀት ነው። ከሰው ላይ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ የሚቀበል ማን ነው? እኔ ለስመኘው ሁለት ወር ስንቅ ፖሊስ ጣቢያ ያመላለስኩ ሴት ነኝ። በር ላይ ምን እንደሚያስፈቱ አይቻለሁ።

የት ነህ?

እናኑ


ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናኑ፣

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌን አይሞላውም፤ ግን ሌላ የለኝም።

የታሰርኩት ድንበሩን በተሻገርኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ከመሻገራችን በፊትና በኋላ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ጫካ ውስጥ አራት ቀን ነበርን፤ ከእኛ አንዱ እግሩ ደንዝዞ ቀርቷል። ያለሁበት ቦታ ወንጀለኛ የሚታሰርበት እስር ቤት አይደለም ይላሉ። አጥር አለው፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ ምግብ በሰዓቱ ይሰጣል፣ ማንም አልመታኝም። ሪጋን አይቻት አላውቅም። ማራ በየሁለት ሳምንቱ እስረኛ የምትጠይቅ አሮጊት ናት፤ ደብዳቤዎቼን ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷ ናት። ስለ አንቺ የነገርኳት እውነት ነው። በሩ ይከፈትላታል አለችኝ ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። ማራ ለእኔም የምትከፍተው በር የላትም።

ወረቀቱ ስገባ የሰጡኝ ነው። የተረከቡኝ ልብስ በአንድ በኩል፣ ያስረከቡኝ በሌላ በኩል፣ በሁለት ቋንቋ ተዘርዝሮ። ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። መጀመሪያ ልጽፍልሽ ስቀመጥ እጄ ላይ የነበረው ጽሑፍ እሱ ብቻ ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ? ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው ከወጣሁ፤ ታስሬያለሁ ልበል? እንድታጠኚ ነገር ልስጣት ብዬ አሰብኩ፤ የምታጠና ሴት ተስፋ አትቆርጥም ብዬ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ሰብሊ ደብተር ላይ ገለበጠችው ስትዪኝ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረችው የአባቷን የእስር ቤት ወረቀት ነው።

ክሮቹን በር ላይ አስቀሩብኝ። ክር፣ ገመድ፣ ስለት አይገባም። ዘበኛውን በእጄ ልጅ፣ ልጅ፣ እያልኩ ቁመቷን ላሳየው ሞከርኩ። ወጣት ነው፤ ገባው። ግን ትእዛዝ ነው አለኝ። አንዴ ብቻ ከደረቴ ጋር እንድለካው ፈቀደልኝ። እዚህ ድረስ ደርሳለች። ከዚያ ወሰደው። ካፖርት የለም።

ጥገኝነት የጠየቅኩት ሁለቴ ውድቅ ሆኗል። አሁን በፈቃዴ ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ እንድፈርም ሌላ ወረቀት ሰጥተውኛል። ካልፈረምኩ ደግሞ እስከ መቼ እንደሚያቆዩኝ የሚነግረኝ የለም። ልፈርም ወይስ አልፈርም? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ። የአባቴንም እውነቱን ንገሪኝ። መነጽር ይህን ያህል ጊዜ አይሰበርም።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀው፣

አልተቆጣሁህም። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ አለፈልኝ። እኔስ መች እውነት ጻፍኩልህ?

አባባን በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ስማቸውን እንዲጽፉ ያልክበትን ደብዳቤ ሰምተው በግራ እጃቸው ሊጽፉ እርሳስ አምጪ አሉኝ፤ ሞክረው ሞክረው ላባቸው ችፍ ሲል ነጠቅኳቸው። ቡሬ የነበረው ሱቃችንም በውጊያው ወድሟል። ሁለቱም የስፌት መኪኖች ውስጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በእጄ ነው የምሰፋው። የምሰፋውም መግነዝ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ያልኩህ እሱን ነው። የሚመጡት ሰዎች ቁመቱን በክንዳቸው እያሳዩ ይነግሩኛል፤ አንዳንዴ ክንዱ በጣም ያጥራል። ያን ጊዜ ዝም ብዬ እቆርጣለሁ።

አትፈርም። ስማኝ፣ አትፈርም። እዚህ በአንተ ዕድሜ ያለ ወንድ ከመንደር መንደር መሄድ አይችልም። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ «የማን ነህ?» ነው የሚለው፤ የማንም አይደለሁም የሚለውን መልስ የሚቀበል የለም። አባባን ጠየቅኳቸው። «ልምጣ ይላል፣ ምን ልበለው?» አልኳቸው።

«እኔን ሊቀብር ከሆነ አይምጣ» አሉ።

«እኛን ሊያይስ?»

መልሰው እኔን ጠየቁኝ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የምፈልገውን አልነገርኳቸውም። ለአንተም አልነግርህም። እዚያ ተዘግቶብህም ቢሆን እስትንፋስህ መኖሩን አውቄ ልደር። አትፈርም።

እናኑ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናኑዬ፣

ከላይ የጻፍኩትን የቦታ ስም ስታዪ ሁሉም ገብቶሻል። ፈርሜያለሁ። መልስሽን አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ቀነ ገደቡ ደረሰ፤ ዝምታሽን ና ብላኛለች ብዬ ተረጎምኩት። ከአውሮፕላን ወርጄ ስመኘው ቤት ስገባ ደብዳቤሽ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ እሱ ዘንድ የደረሰው እኔ ከመግባቴ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ሾፌሩ ደምበጫ ሦስት ሳምንት ቆሞ ነበር። አትፈርም የሚለውን እዚሁ ቆሜ አነበብኩት።

በነጋታው ልምጣ ብዬ ተነሳሁ። አትቆጪኝ። ደብረ ማርቆስ ድረስ ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ መኪና አልነበረም፤ በእግሬ ልሂድ ስል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ሚስትህ ባል ትፈልጋለች ወይስ ሬሳ?» አሉኝ። ተመለስኩ።

አሁን መርካቶ ሰልባጅ ተራ ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጬ የተቀደደ እጠግናለሁ። ከውጭ በቦንዳ የሚመጣ ልብስ ነው። ሥራው ሥራ ነው። በአንድ አገር ሆነን ደብዳቤ መጻጻፋችን ግን ከባዕድ አገሩ ባሰብኝ። እዚያ ሳለሁ ሩቅ ነኝ እል ነበር። አሁን ምን ልበል?

አባቴ እንዳይሰሙ።

ላቀው


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ላቀው፣

መንገዱ ለሦስት ቀን ተከፍቷል ተባለ። ጎረቤቴ ፀደንያ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ትወርዳለች። ሰብሊን ይዛልህ ትመጣለች። ይህን ደብዳቤ ለፀደንያ ሰጥቻታለሁ፤ ስታነበው ልጅህ ፊትህ ቆማለች።

ለምን እኔም አልመጣሁም ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አባባን ማንም መኪና ላይ አይጭናቸውም፤ ተሸክሜ ነው የማገላብጣቸው። «ሂጂ፣ ከልጅሽ ጋር ሂጂ» ብለው ሁለት ቀን ተቆጡኝ፤ ምግብ አልበላም አሉ። በሦስተኛው ቀን በሉ። እሳቸውን ጥዬ ብመጣ አንተስ በምን ዓይን ታየኝ ነበር? እሷ ግን ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው። ትምህርት ቤት የምታውቀው በአጥሩ ነው። አስገባት። የመጣኸው ለዚህ ሆነ በል።

«አንቺስ?» አለችኝ ፀጉሯን ስሠራት።

«አባባ ሲሻላቸው ይዣቸው እመጣለሁ።»

«አባባ አይሻላቸውም» አለችኝ። እንዲህ ነው የምትናገረው፤ እንዳትደነግጥ።

ሆዷን ያማታል፤ ወተት አትስጣት። ስትተኛ ጆሮዋን ትይዛለች። ጨለማ አትፈራም፤ ርችት ትፈራለች፤ በዓል ሲሆን አጠገቧ ሁን። ከዩኒፎርሙ ቴትሮን ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። የሚላክልህ ሌላ ነገር የለኝም።

እናኑ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

እናኑ፣

ሰብሊ በሰላም ገብታልኛለች። መናኸሪያው በር ላይ ፀደንያ ገፋ አድርጋ «በይ፣ አባትሽ» ስትላት እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ፤ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ። ልስማት ስል ጉንጯን ሰጠችኝ፤ አልሳመችኝም። አራት ዓመቷ ሳለ ነው የተለየኋት፤ ምን ልፈርድባት።

መንገዱ ወዲያው እንደተዘጋ ሰምተሻል። ስመኘው ይህን የሚያደርስ ሰው እየፈለገ ነው፤ እስኪገኝ እጄ ላይ ይቆያል። ትምህርት ቤት ወስጃት ነበር። የልደት ወረቀት አምጡ አሉን፤ የለንም። ለሚቀጥለው ዓመት ተመለሱ አሉን። ቀን ቀን አብራኝ መርካቶ ትውላለች። አታስቸግርም። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ተቀመጪ ያልኳት ቦታ ትቀመጣለች። እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ትለኛለች። ተይ ብያታለሁ፤ አንተ በይኝ፣ አባትሽ ነኝ ብያታለሁ። «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ መልሳ እርስዎ ትለኛለች።

ትናንት ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ቆማ ካየችኝ በኋላ፣

«እርስዎ መጻፍ ይችላሉ አይደል?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ለእማ ይጻፉላት። ሰብሊ አላለቀሰችም ብለው ይጻፉላት።»

ይኸው ጻፍኩልሽ።

ላቀው